ቱሉ ጉዶን መጀመሪያ የረገጠው ማን ነው? ከአዳማ እስከ ሐዋሳ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ አዳማ

አዳማ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አይጣል ነው። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል። የቀድሞ የታሪክ መምህሬን ግን ሙቀት አያስቆማቸውም። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ከክርክር ግን ጡረታ አልወጡም። ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ባጃጁ ይመላለሳል፣ አቧራው ይነሳል፣ እሳቸው ማኪያቷቸውን ያማስላሉ።

“ነገ ወደ ባቱ ነኝ። ከዚያ በጀልባ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ወዳለው ደሴት፣ ቱሉ ጉዶ” አልኳቸው።

“ምን ልታደርግ?”

“ደሴቱ ላይ መጀመሪያ የሰፈረውን ሰው ልፈልግ።”

“እሱማ ከሞተ ቆየ” አሉና ከልባቸው ሳቁ።

ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ያዛቸው። ከየት እንደመጣብኝ ጠየቁኝ። የመጣብኝ ከሩቅ ነው። ሰሞኑን የማነበው ስለ ፋሮ ደሴቶች ነበር። ሰሜን አትላንቲክ ውስጥ፣ በስኮትላንድና በአይስላንድ መካከል ያሉ 18 ደሴቶች ናቸው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ያለው ነፋስ፣ ሣርና በግ ነው። ታሪካቸው ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው በ9ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በመርከብ ከመጡ ቫይኪንጎች ተነስቶ ነው። ሰፈሩ፣ አረሱ፣ ቀሩ። እስከዚህ ጥሩ ነው።

ችግር የፈጠረው አንድ መነኩሴ ነው። ዲኩዊል ይባላል፤ አየርላንዳዊ ነው። በ825 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ዓለም ስፋት መጽሐፍ ጻፈ። እዚያ ላይ ከብሪታንያ በስተሰሜን ስላሉ ትንንሽ ደሴቶች ያነሳል። ከአየርላንድ የሄዱ ባሕታውያን መቶ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ኖረውባቸው ነበር፤ ከሰሜን በመጡ ወንበዴዎች ምክንያት ለቀው ወጡ፤ አሁን ደሴቶቹ ሰው የለባቸውም፣ በበግና በባሕር ወፍ ግን ተሞልተዋል ይላል። ፋሮ ብሎ በስም አልጠራም። ብዙ ሊቃውንት ግን የሚያወራው ስለ ፋሮ ነው ይላሉ።

“ይኸው!” አሉ መምህሬ። “የተጻፈ አለ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?”

የታሪክ ሰው ወረቀት ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። እኔ ግን የምፈልገው ነበረኝ። በ2013 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት አለ። ሳንዶይ በምትባለው የፋሮ ደሴት፣ ከቫይኪንግ ቤት ሥር፣ የአመድ ንጣፍ ተገኘ። አመዱ ውስጥ ያረረ የገብስ ፍሬ ነበረ። ገብሱ ሲለካ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ገብስ ፋሮ ላይ በራሱ አይበቅልም። ሰው ይዞት መጥቷል ማለት ነው። ቀጥሎ በ2021 ሌሎች ተመራማሪዎች ኤይስቱሮይ ከምትባለው ደሴት፣ ከአንድ ሐይቅ ሥር ጭቃ አወጡ። ጭቃው ውስጥ ከ500 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የበግ ዲኤንኤ ተገኘ። ከቫይኪንጎቹ 350 ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው። ዲኩዊል ከሚለው ጊዜም ይቀድማል።

መምህሬ ለአፍታ ዝም አሉ። “በግ ያን ሁሉ ባሕር አይዋኝም” አሉ በመጨረሻ።

“አይዋኝም።”

“ስለዚህ ያመጣው ሰው አለ።”

“አለ። ማን እንደሆነ ግን ጭቃው አይናገርም።”

ከዚያ ወንበራቸውን አስጠግተው የእኛን ታሪክ አመጡ። ዮዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፣ ዝዋይ ሐይቅ ደረሱ፣ በደሴት ተጠለሉ፤ ትውፊቱ ይህ ነው። “አየህ” አሉ፣ “እዚያም ባሕታዊ፣ እዚህም ባሕታዊ። እዚያም ሽሽት፣ እዚህም ሽሽት። ልዩነቱ የእኛዎቹ አለመልቀቃቸው ነው።” ስለ ዮዲት ደግሞ የውጭ ምስክር አለ። ኢብን ሐውቀል የተባለው የዐረብ ጂኦግራፈር በ10ኛው ክፍለ ዘመን የሐበሻን ንጉሥ ገድላ ስለነገሠች ሴት ጽፏል።

“ስለዚህ 10ኛው ክፍለ ዘመን የሚለው ቀን እውነት ነው” ብለው ደመደሙ።

“ለዮዲት ነዋ፤ ለደሴቱ አይደለም።”

“እሱን ሄደህ ጠይቅ” አሉኝና ሒሳቡን ከፈሉ። እምቢ ብልም አልሰሙኝም።

ዓርብ፣ መንገድና ባቱ

ጠዋት በአባዱላ ወጣሁ። ረዳቱ “ባቱ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ!” እያለ ይጮሃል፤ መኪናው የሚሄደው ግን መቂ ድረስ ብቻ ነው። ለምን እንደሚጮህ እሱ ያውቃል። ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ሜዳው ተዘረጋ። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በሣጥን ተደርድሯል። ሌላ መኪና ይዤ ባቱ ገባሁ።

ይህ መንገድ ሲታይ ደረቅ ነው። በመስኮት የማየው ሜዳ አብዛኛው ግን የሐይቅ ወለል የነበረ ነው። ካለፈው የበረዶ ዘመን በኋላ ዝናቡ በበዛበት ወቅት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ነበሩ። ውኃው ዛሬ ዝዋይ ካለበት ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሞ፣ ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ዛሬ ዝዋይ ጥልቀቱ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ወጥቶ የሚወርድ ውኃ ላይ “ደሴት” ማለት ራሱ ቋሚ ነገር አይደለም። ጥቂት ሜትር ሲጎድል ደሴቱ በእግር የሚደረስበት ኮረብታ ሊሆን ይችላል። የፋሮ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም። ያኔ እዚያ የሚደረሰው በመርከብ ብቻ ነበር።

ማታ ቆሮሶ ጥብስ በዳጣ በላሁ። ጀልባ ተዋዋልኩ። ዋጋው ያናድዳል፤ ብቻህን ከሆንክ የስምንት ሰው ትከፍላለህ። ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ቱሉ ጉዶ

ዝዋይ ሐይቅ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ቱሉ ጉዶ ትልቁ ነው። ባለጀልባው የዛይ፣ የደሴቶቹ ሕዝብ፣ ልጅ ነው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ካልሄድን ከሰዓት ሐይቁ እንደማይመች ነግሮኝ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰኝ። ውኃው ቡናማ ነው። ዳር ላይ ጉማሬ አፍንጫውን አውጥቶ ያየናል። “እሱን አትመልከተው፣ ይናደዳል” አለኝ። ጉማሬው ስለመናደዱ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ፊቴን ግን አዞርኩ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዘን ደረስን። ከሩቅ ተራራ ብቻ ነው የሚመስለው። ስትጠጋ እርከኑ ይታያል። ቁልቁለቱ በድንጋይ ካብ ተከርክሟል፤ አንዱ ካብ ከሌላው በላይ፣ እስከ ላይ ድረስ። አዲስ የተካበ አለ፣ ቁጥቋጦ የዋጠው አለ። ቆሜ ቆየሁ። ለእኔ ከደሴቱ ሁሉ ደስ የሚለው ይህ ካብ ነው። መጽሐፍ የአንድ ሰው እጅ ነው፤ ካብ ግን የብዙ ትውልድ ሥራ ነው። ሲፈርስ ይካባል፣ ሲካብ ይፈርሳል።

ያረፍኩት አንድ ገበሬ ቤት ነው። የባለጀልባው አጎት ናቸው። “እንግዳ ነው” ብሎ አስተዋወቀኝና ሄደ። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከሚስታቸው ጋር በዛይኛ፣ በስልክ በኦሮምኛ ያወራሉ። ሦስቱንም እያፈራረቁ፣ ሳይደናቀፉ።

ማታ የመጡበትን ዘመን ጠየቅኳቸው። የአባቶቻቸውን ነገሩኝ። መጀመሪያ ካህናቱ ከአክሱም መጡ። ከዚያ ከሸዋ ሰው መጣ። ከዚያ ደግሞ በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ የሸሸው ተጨመረ። “ደሴት ነው፤ የሸሸ ሁሉ ይገባል” አሉ። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ሰው ከሩቅ ሲያወራ “ከአክሱም የመጡ” ብሎ አንድ ቀን ይሰጣቸዋል። እሳቸው ግን የሚነግሩኝ በየዘመኑ ስለተጨመረ ሕዝብ ነው።

ቋንቋቸውም ይህንኑ የሚደግፍ ይመስለኛል። ዛይኛ ሴማዊ ነው፤ ግን የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛና ሐረሪ ናቸው። ሁሉም ሰው ከአክሱም በቀጥታ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ወደ ትግርኛ ያደላ ነበር። ካህናቱ ከሰሜን መጡ ማለትና ሕዝቡ ሁሉ ከሰሜን መጣ ማለት አንድ አይደለም። ይህን ለባለቤቱ አልነገርኳቸውም። ቤታቸው ገብቼ፣ እንጀራቸውን እየበላሁ የዘር ሐረጋቸውን ላርም? ነውር ነው።

እራት የተሠራው በእንጨት ነው። ሴትየዋ እሳቱ ላይ አንድ ትልቅ የግራር ግንድ ገፋ ገፋ እያደረጉ ነበር። በጎን ደግሞ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይጨምራሉ። እኔ ምድጃውን ሳይ ያሰብኩት ሌላ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ አርኪዮሎጂስት መጥቶ ይህን ከሰል ቢያነሳ ምን ቀን ያገኛል?

የካርቦን 14 ነገር እንዲህ ነው። ተክል በሕይወት እስካለ ካርቦን 14ን ከአየር ይወስዳል። ሲሞት መውሰዱ ይቆማል፤ የያዘው ግን እየቀነሰ ይሄዳል። በ5,730 ዓመት ግማሹ ያልቃል። የቀረውን ለክተህ የሞተበትን ጊዜ ታውቃለህ። ዘዴውን በ1940ዎቹ መጨረሻ ያመጣው ዊላርድ ሊቢ በ1960 ኖቤል ተሸለመበት። ግን አንድ ወጥመድ አለው። የዛፍ መሐል ከዳሩ በፊት የሞተ ነው። ሦስት መቶ ዓመት የኖረ ዛፍ ከመሐሉ ቆርጠህ ብታነድ፣ ከሰሉ የሚናገረው ስለ እራትህ ሳይሆን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለነበረ ነገር ነው። የዚህች ሴት ግራር ውሸታም ምስክር ነው። ቆረቆንዳው ግን እውነተኛ ነው፤ የአንድ ክረምት ዕድሜ ነው ያለው።

በፓስፊክ ደሴቶች ላይ ይህ ወጥመድ ብዙ ሰው ጥሏል። በ2011 እነ ጃኔት ዊልምሸርስት ከምሥራቅ ፖሊኔዥያ የተሰበሰቡ 1,434 የካርቦን ቀኖችን አንድ በአንድ አበጠሩ። ዕድሜ አጭር የሆነውን፣ ማለትም ፍሬን፣ ቅርፊትን፣ ቀንበጥን ለየብቻ አወጡ። ሲያበጥሩት የደሴቶቹ ታሪክ ወደ ቅርብ ተጎተተ። ሶሳይቲ የሚባሉት ደሴቶች ከ1025 እስከ 1120 ባለው ጊዜ፣ የቀሩት ሐዋይን፣ ኢስተርንና ኒውዚላንድን ጨምሮ ከ1190 እስከ 1290 ባለው ጊዜ ሰው ገባባቸው አሉ። ቀድሞ ከተገመተው በብዙ መቶ ዓመት የቀረበ ነው።

ኒውዚላንድ ላይ ደግሞ ምስክሩ አይጥ ነው። የፓስፊክ አይጥ በታንኳ ካልሆነ እዚያ አይደርስም። ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ የአይጥ አጥንት ተገኘ ተብሎ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ሌሎቹ አይጥ ያኘካቸውን ፍሬዎች ፈልገው ለኩ። ጥርሱ ፍሬው ላይ በግልጽ ይታያል። ከ1280 ገደማ በፊት የታኘከ አንድም አላገኙም። ጥሬ የማይበላ አይጥ ደግሞ የለም። እኔን ይህ ክርክር አሳመነኝ።

“ምን ታያለህ?” አሉኝ ባለቤቱ።

“እሳቱን” አልኩ።

“ብርድ ነው፣ ተጠጋ” አሉኝ።

እሑድ፣ ደብረ ጽዮን

ቤተ ክርስቲያኑ ተራራው ላይ ነው። ሽቅቡ ያስተነፍሳል፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌዎች ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ያልፉኛል። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አንድ አባት ጋር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ደሴቶቹ የብራና መጻሕፍት ያስቀመጡ ናቸው። በየዘመኑ በዋናው ምድር የተቃጠለ ሲቃጠል እዚህ ተርፏል። ሐይቁ የጠበቀው መጽሐፍን ጭምር ነው።

“አባቴ፣ ከካህናቱ በፊት እዚህ ሰው ነበር ይሆን?” አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ። “ልጄ፣ ታቦቱ የገባበት ነው የተነገረን። ሰው የገባበትን ማን ጻፈው? ዓሣ ሊያጠምድ የመጣ ሰው ማስታወሻ አይጽፍም።”

ይህን ስሰማ መምህሬ እዚህ በነበሩ ብዬ ተመኘሁ። ባለትውፊቱ ራሱ የሚለው ትውፊቱ የቤተ ክርስቲያኑ ልደት ነው፣ የመጀመሪያው እግር አይደለም ነው። የዲኩዊልም ነገር ይኸው ነው። መነኩሴው የጻፈው መነኩሴዎች ስላደረጉት ነው። ከእነሱ በፊት በግ ይዞ የመጣውን ገበሬ ማን ይጽፍለታል? በጉ ነው የጻፈለት፤ ሐይቁ ውስጥ በጣለው ነገር።

ከሰዓት ተመለስን። ነፋስ ተነስቶ ጀልባዋ ስትደበደብ ባለጀልባው ይዘፍናል። እኔ እጸልያለሁ። ባቱ ደርሰን ልብሴ እስኪደርቅ ሻይ ጠጣሁ።

ሰኞ፣ ጋደሞታ

ሐዋሳ ከመሄዴ በፊት አንድ ቦታ ማየት ፈለግሁ። ከሐይቁ በስተምዕራብ ጋደሞታ የሚባል ጋራ አለ። ባጃጅ እስከ ቻለው ወሰደኝ፤ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። መሬቱ ላይ ጥቁር ባልጩት ያብረቀርቃል። አንዳንዱ ተፈጥሮ የሰበረው ነው። አንዳንዱን ሰው ነው የሰበረው። ዳሩ ተላጭቶ፣ ተስሎ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑ ዐይን ላላሠለጠነም ይታያል። አይነሳም፤ አየሁና ትቼው ሄድኩ።

እዚህ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍሬድ ዌንዶርፍና ሮሙዋልድ ሺልድ ቆፍረዋል። የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያ በብዛት አገኙ። የዚያን ጊዜ ዕድሜው 180 ሺህ ዓመት ገደማ ተባለ። በ1990ዎቹ እንደገና ሲለካ 235 ሺህ ሆነ። በ2008 ደግሞ ሌላ ልኬት መጣ፤ ከ276 ሺህ ዓመት በላይ። ድንጋዩ ያው ነው፣ ጋራው ያው ነው፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። ካርቦን እዚህ አይሠራም። ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ የሚለካ ነገር አይተርፍለትም። የተለካው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለ አርጎን የሚባል ጋዝ ነው።

ከጋራው ላይ ሆኜ ሐይቁን አየሁት። ደሴቶቹ በግልጽ ይታያሉ። እንግዲህ አስቡት። ከ276 ሺህ ዓመት በፊትም ሰው በዚህ ዳር ባልጩት ሲጠርብ ኖሯል። ሐይቁ ወጥቷል፣ ወርዷል። ያ ሁሉ ሰው ያንን ተራራ አይቶ አንድ ቀን እንኳ “እዚያ ምን አለ?” ሳይል ቀረ? እኔ አላምንም። ፋሮ ለመድረስ ደፋር መሆን ነበረበት። ቱሉ ጉዶ ለመድረስ ግን ዓሣ አጥማጅ መሆን ይበቃል።

ከሰዓት በነገሌ አርሲና በሻሸመኔ አድርጌ ሐዋሳ ገባሁ። ሻሸመኔ ላይ መኪና ስቀይር አንድ ሰዓት ቆምኩ። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ማክሰኞ፣ ሐዋሳ

የእህቴ ልጅ ሐዋሳ የምድር ሳይንስ ይማራል። ጠዋት አሞራ ገደል ቀጠረኝ። ሾርባው በትልቅ ድስት ይፈላል። ልጆች ዓሣ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። ከላይ ዛፉ ላይ ጉሬዛ ይዘላል። ሾርባችንን ይዘን ሐይቁ ዳር ተቀመጥን።

“አጎቴ፣ አንተ የምትፈልገው ቀን ነው ወይስ ታሪክ?” አለኝ።

“ቀን።”

“እንግዲያው ጭቃ እንነጋገር።”

የሐይቅ ሥር ጭቃ በየዓመቱ በላይ በላዩ ይተኛል። መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው፤ መጀመሪያ የተጋገረው ከሥር ነው። ረጅም ቱቦ አቁመህ ትተክላለህ፣ ትመዛለህ፣ ለሁለት ትሰነጥቀዋለህ። በውስጡ የአበባ ብናኝ፣ ከሰል፣ ዲኤንኤ፣ ከሰገራ የወጡ ስብ ነክ ቅንጣቶች አሉ። እነዚህ ቅንጣቶች የሰው ከሆኑ አንድ ዓይነት፣ ሣር የሚያመነዥክ እንስሳ ከሆኑ ሌላ ዓይነት ናቸው። እኔ ሾርባዬን አስቀመጥኩ። እሱ ቀጠለ።

ፋሮ ላይ የበጉ ምልክት ብቅ ሲል የተክሉም መልክ ይለወጣል አለኝ። ቁጥቋጦው ይቀንሳል፣ ሣሩ ይበዛል። ከሁሉ የሚጥመው ግን የአመዱ ነገር ነው። በ877 ገደማ አይስላንድ ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ሩቅ ድረስ በነፋስ ተበተነ። ያ ቀጭን ንጣፍ የት እንዳለ ካገኘህ ያለ ምንም ክርክር ቀን አለህ። አይስላንድ ላይ ራሱ የሰፈራው ምልክት በብዛት ከዚያ አመድ በላይ ነው። ፋሮ ላይ ግን በጉ ከአመዱ በታች ነው።

አዞርስንም አነሳ። ፖርቹጋሎች በ1427 አገኘናቸው የሚሏቸው፣ አትላንቲክ መሐል ያሉ ደሴቶች ናቸው። በ2021 የወጣ ጥናት ከሐይቆቻቸው ጭቃ ውስጥ ከ700 እስከ 850 እ.ኤ.አ. የከብት ሰገራ ምልክት አገኘ። ክርክሩ አልበረደም። ፓስፊክ ላይም እንዲሁ ሆኗል። ያን 1,434 ቀን ያበጠሩት ሰዎች ከ1025 በፊት አይደለም ካሉ በኋላ፣ በ2020 ከኩክ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከአቲዩ ሐይቅ የወጣ ጭቃ የ900 እ.ኤ.አ. አካባቢ የአሳማና የሰው ምልክት አሳየ።

“እና ማን ነው ትክክል?” አልኩት።

“ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ጭቃው የመጣውን ያሳያል፤ ፍሬውና ከሰሉ የሰፈረውን። ደግሞ የተገኘው ቀን የመጀመሪያው ሰው ቀን አይደለም፤ በዚያ ቀን ሰው ነበረ ማለት ነው። ከዚያ በፊት መኖሩን አይከለክልም።”

ይህ ነገር ሲገባኝ አዳማ ላይ የተሟገትንበት ጥያቄ መልኩን ለወጠ። “መቼ መጡ?” ተብሎ የሚጠየቅ ሁሉ የሚመለሰው “እስከዚህ ድረስ መጥተው ነበር” ተብሎ ነው። ከታች በኩል ክፍት ነው። ዮዲትም፣ ዲኩዊልም፣ በጉም የሚሰጡን ጣሪያውን እንጂ ወለሉን አይደለም።

“ታዲያ ዝዋይ ላይ ቱቦ እንትከልና እንወቅ” አልኩት በጉጉት።

ሳቀብኝ። “አይሠራም፣ አጎቴ።”

“ለምን?”

በጣቱ ቆጠረልኝ። ዝዋይ ጥልቅ አይደለም፤ ነፋስ ሲነሳ ሥሩን ያማስለዋል፣ ንብርብሩ ይደባለቃል። አንተው ነህ ትናንት ቡናማ ነው ያልከው አለኝ። ሌላው ደግሞ ዋናው ነው። ፋሮ ላይ ከሰው በፊት በግ ስላልነበረ የበግ ምልክት የሰው ምልክት ነው። ዝዋይን ግን መቂና ካታር ወንዞች ይገቡበታል። በዙሪያው ያለው ከብት ሁሉ ሰገራው ታጥቦ ሐይቁ ይገባል። ጭቃው ውስጥ የላም ምልክት ብታገኝ የመቂ ላም ትሁን የቱሉ ጉዶ አታውቅም። ደሴቱን ለብቻው የሚመሰክር ነገር መፈለግ አለብህ።

ሐይቁን ዝም ብለን አየነው። የሐዋሳ ሐይቅ ለዚህ ሥራ ይሻላል አለ፤ ከዝዋይ ይጠልቃል፣ ጥቁር ውኃ ይገባበታል፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ግን ምን ያደርጋል? ደሴት የለበትም።

“ደሴቱ ላይ ምን አለ ብለኸኛል?” ብሎ ጠየቀኝ።

“እርከን።”

ቀና አለ። “ያረጀ?”

“ቁጥቋጦ የዋጠው አለ።”

ከዚያ በኋላ እሱ ነው በጉጉት የሚያወራው። እርከን ሲካብ አፈር ከኋላው ይጠራቀማል። ከካቡ ሥር ያለው አፈር ካቡ ከመካቡ በፊት የነበረው ነው። እዚያ ያረረ የእህል ፍሬ ቢገኝ፣ እንጨት ሳይሆን ፍሬ፣ በካርቦን ይለካል። ከፍሬው የቀደመ አይሆንም ካቡ። አመድ ንጣፍም ሊኖር ይችላል፤ ከሐይቁ በስተደቡብ ያለው አሉቶ እሳተ ገሞራ ነው። ፍሬው ከ10ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ከወጣ መምህርህ ቡና ይገዙልሃል አለኝ። እኔ ውርርዴን ያዝኩ። ይቀድማል፤ በብዙ ይቀድማል።

“ገዳሙ ይፈቅዳል?” አለኝ።

“ካቡ የገዳሙ አይደለም፤ የገበሬዎቹ ነው።”

“እነሱስ?”

ያረፍኩበትን ቤት አሰብኩ። “ይፈቅዱ ይሆናል። ግን መጀመሪያ የሚጠይቁህ አንድ ነገር ነው” አልኩት። “ካፈረስከው ማን ይክበዋል?”

እሱም ደብተሩን አወጣና ድንጋይ የሚክብ ሰው በቀን ስንት እንደሚከፈለው ማስላት ጀመረ።